የተዘበራረቀ የዘፈን ክምችትን መልክ ማስያዝ፦ ከታግ እስከ ፎልደር

ዘፈን በፋይል የሚያጠራቅም ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። አንዱ ድምፃዊ በማጫወቻው ዝርዝር ውስጥ አራት ቦታ ይገኛል። አንዴ በሙሉ ስሙ፣ አንዴ በመጠሪያ ስሙ ብቻ፣ አንዴ በላቲን ፊደል፣ አንዴ ደግሞ አብራው ከዘፈነችው ድምፃዊት ስም ጋር ተጣብቆ። አልበሙም እንደዚያው ተበጣጥሷል። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ያልታወቀ ድምፃዊ" የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ የገባ ዘፈን ተመልሶ አይሰማም።

አብዛኛው ሰው ማጽዳት ሲያምረው ፎልደር ይከፍትና የፋይል ስም መቀየር ይጀምራል። ልፋቱ ብዙ፣ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ማጫወቻዎች በአብዛኛው የሚያነቡት የፋይሉን ስም ሳይሆን በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መረጃ፣ ማለትም ታጉን ነው። ታጉ ከተበላሸ ፎልደሩን የቱንም ያህል ብታሳምሩት ማጫወቻው ላይ ያው ዝብርቅርቅ ነው። ታጉ ከተስተካከለ ግን የፋይል ስሙንም ፎልደሩንም ሶፍትዌር በአንድ ክሊክ ይሠራላችኋል። ስለዚህ ፎልደሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

1. ምንም ከመንካታችሁ በፊት ባክአፕ

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሶፍትዌሮች በሺህ የሚቆጠር ፋይል በአንዴ ይቀይራሉ። ጉልበታቸውም አደጋቸውም እዚያ ላይ ነው። አንድ የተሳሳተ ክሊክ የሁሉንም ዘፈን ርዕስ ወደ አንድ ርዕስ ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክምችቱን እንዳለ፣ ከነዝብርቅርቁ፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። እዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ባክአፕ አይባልም፤ ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም ይሄዳሉ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ከዚህም ከዚያም ጥቂት ዘፈን ከፍታችሁ አዳምጡ፤ ከዚያ ዲስኩን ንቀሉና አስቀምጡት።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ለዘፈን የሰጣችሁት ኮከብ፣ ስንት ጊዜ እንደሰማችሁት የሚቆጥረው ቁጥርና ፕሌይሊስቶቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት በማጫወቻው የራሱ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ዘፈኑ ፋይል ውስጥ አይደለም። ፋይሉን ስታንቀሳቅሱት ወይም ስሙን ስትቀይሩት ማጫወቻው ይጠፋበታል። አይቲውንስ ወይም አፕል ሚውዚክ የሚጠቀም ሰው ከዘፈኑ አጠገብ የምትመጣዋን የቃለ አጋኖ ምልክት ያውቃታል። እነዚህ ነገሮች ለእናንተ ዋጋ ካላቸው ፕሌይሊስቶቹን አስቀድማችሁ ኤክስፖርት አድርጉ፤ የፋይል ስምና ቦታ የመቀየሩን ሥራም ለዚያው ማጫወቻ ተዉለት።

2. ሁሉንም አንድ ቦታ መሰብሰብ

ሁለት ፎልደር ክፈቱ። አንዱን "ገቢ"፣ ሌላውን "የጸዳ" በሉት። ከስልክ፣ ከፍላሽ፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ፣ ከዳውንሎድ ፎልደር የምታገኙት ሁሉ "ገቢ" ውስጥ ይግባ። "የጸዳ" ውስጥ ታጉ ያልተስተካከለ አንድም ፋይል አይገባም። ይህን መስመር ከጠበቃችሁ ሥራውን ሳምንት አቋርጣችሁት ብትመለሱ እንኳ የት እንደደረሳችሁ አይጠፋችሁም።

ከስልክ ስትሰበስቡ የድምፅ መልእክቶችና የጥሪ ድምፆች አብረው ይመጣሉ። ፋይሎቹን በርዝመት ደርድሯቸው፤ አጫጭሮቹ አንድ ላይ ይሰበሰቡላችኋል። በጅምላ ግን አታጥፉ። የአልበም መግቢያዎችና መሸጋገሪያ ዜማዎችም አጭር ናቸው።

ዲስኩ ማክ ላይ ተሰክቶ የሚያውቅ ከሆነ ስማቸው በ "._" የሚጀምር ፋይሎች ታገኛላችሁ። ስማቸው የዘፈኑ ስም ነው፣ መጠናቸው ግን ጥቂት ኪሎባይት ብቻ። ማጫወቻው እንደ ዘፈን ይቆጥራቸዋል፤ ስትከፍቷቸው አይጮሁም። ዘፈን አይደሉም፤ ማክ የራሱን መረጃ ያስቀመጠባቸው ናቸው። ደምስሷቸው። መጠናቸው ዜሮ የሆኑትንም እንዲሁ፤ ዳውንሎዳቸው ገና ሲጀመር የተቋረጡ ናቸው።

3. ቁርጥ አንድ የሆኑ ቅጂዎችን ብቻ ማጥፋት

ድርብርብ ዘፈን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያው ፋይል ሁለት ቦታ ተገልብጦ ሲገኝ ነው። ሁለተኛው ያው ዘፈን በሁለት የተለያዩ ፋይሎች ሲገኝ ነው፤ አንዱ በጥሩ ጥራት፣ ሌላው በደካማ። አሁን የምናጠፋው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ለዚህ ዱፕጉሩ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል፤ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ሲፈልግ በፋይሉ ይዘት እንዲያወዳድር አድርጉት። በስም እንዲያወዳድር አታድርጉ። "ትራክ 01" የሚባሉ ሃያ ፋይሎች ሊኖሯችሁ ይችላሉ፤ ሃያውም የተለያዩ ዘፈኖች ናቸው። በይዘት አንድ ነው ካለ ግን አንዱን ያለ ስጋት አጥፉት።

ሁለተኛው ዓይነት ይቆየን። ታግ ሳይስተካከል የትኛው ከየትኛው አልበም እንደመጣ ስለማይታወቅ፣ የመድረኩን ቅጂ ከስቱዲዮው ጋር አምታታችሁ ታጠፋላችሁ።

4. ታጉን ማወቅ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አብዛኛው ችግር የሚፈጠረውም የሚፈታውም እዚህ ነው።

ኤምፒስሪ ፋይል መጀመሪያ ላይ የዘፈን ስም የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። በ1996 አይዲስሪ የሚባለው ታግ መጣ። ፋይሉ ጭራ ላይ የሚለጠፍ 128 ባይት ነበር። ለርዕስ 30፣ ለድምፃዊ 30፣ ለአልበም 30 ፊደል ብቻ ይፈቅዳል። አሮጌ ፋይሎች ላይ ርዕሱ መሀል ላይ ቁርጥ ብሎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በ1998 የመጣው ሁለተኛው ስሪት የፊደል ገደቡን አነሳው። ችግሩ አንድ ፋይል ሁለቱንም ታግ ሊይዝ መቻሉ ነው። አዲሱን አስተካክላችሁ አሮጌው ከቀረ፣ አንዳንድ ማጫወቻ አሮጌውን ያነብባችኋል። በታግ አራሚያችሁ (ቁጥር 5 እና 6 ላይ ከምናያቸው ሶፍትዌሮች በአንዱ) ሴቲንግ ውስጥ የመጀመሪያውን ስሪት እንዲያጠፋ፣ ሁለተኛውን በ2.3 ወይም በ2.4 እንዲጽፍ እዘዙት። አሮጌ መሣሪያ ላይ የምታዳምጡ ከሆነ 2.3 ይሻላል። ፍላክና ኦግ የሚባሉት ሌሎች የድምፅ ፋይል ዓይነቶች የራሳቸው ታግ ስላላቸው ይህ ጣጣ የለባቸውም።

መሞላት ያለባቸው ቦታዎች ስምንት ናቸው፦ ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ የአልበሙ ድምፃዊ፣ አልበም፣ የትራክ ቁጥር፣ የዲስክ ቁጥር፣ ዓመትና የሙዚቃ ዓይነት። ሌላው ቢቀር ይቅር።

ከስምንቱ ክምችቱን የሚያድነው "የአልበሙ ድምፃዊ" የሚለው ነው። ብዙ ሰው ባዶ ይተወዋል። እገሌ የሚባል ድምፃዊ 12 ዘፈን ያለው አልበም አወጣ እንበል። አራተኛው ላይ እገሊት አብራው ዘፍናለች፤ ዘጠነኛው ላይ ሌላ እንግዳ አለ። "ድምፃዊ" የሚለው ቦታ ብቻ ከተሞላ ማጫወቻው አልበሙን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ አሥሩ እገሌ ሥር፣ አንዱ "እገሌ እና እገሊት" ሥር፣ አንዱ ሌላ ቦታ። መፍትሔው ቀላል ነው። የእንግዶቹን ስም እዚያው ድምፃዊ ቦታ ላይ ተዉት፣ ባለሙያዎቹ ስማቸው ሊጠራ ይገባል። "የአልበሙ ድምፃዊ" ላይ ግን በ12ቱም ላይ "እገሌ" ብቻ ይጻፍ። አልበሙ ወዲያው ይሰበሰባል። የብዙ ድምፃውያን ስብስብ ከሆነ ደግሞ በሁሉም ላይ "የተለያዩ ድምፃውያን" በሉ።

ቀጥሎ የአጻጻፍ ወጥነት ነው። ለእኛ "ፀሐይ"፣ "ጸሀይ" እና "ፀሃይ" አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዲሁም የሀ ዘመዶች ሁሉ ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት። ለእያንዳንዱ ድምፃዊ አንድ አጻጻፍ ምረጡና በዚያ ጽኑ፤ ከተቻለ ራሱ በአልበሙ ሽፋን ላይ የተጠቀመበትን። ፊደሉም አንድ ይሁን፦ ወይ በግዕዝ ወይ በላቲን። ሁለት ስሞች ዓይን ላይ ቁርጥ አንድ ሆነው ማጫወቻው ከለያያቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ መጨረሻ የማይታይ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው።

የአማርኛ ርዕስ ተበላሽቶ ሲመጣ ምልክቱን ማንበብ ይቻላል። ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፤ መሣሪያው ላይ የግዕዝ ፎንት ስለሌለ ነውና አትንኩት። እንግዳ የላቲን ፊደሎች ከነጭረታቸው ተደርድረው ከመጡ፣ ጽሑፉ በተሳሳተ ኮድ እየተነበበ ነው፤ ሊመለስ የሚችልበት ዕድል አለ። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን ያለቀለት ነው፤ ዋናው ፊደል ሲጻፍ ጠፍቷል። አዲስ መጻፍ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

5. ማሽኑ የሚችለውን ለማሽኑ

ሚውዚክብሬንዝ ፒካርድ የሚባለው ታግ አራሚ ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ከኋላው በበጎ ፈቃደኞች የተሞላ ትልቅ የሙዚቃ መረጃ ቋት አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ከ"ገቢ" ውስጥ ጥቂት አልበሞችን ብቻ አስገቡ። አሥር ሺህ ፋይል በአንዴ የደፋበት ሰው ውጤቱን ማጣራት ስለማይችል ዝብርቅርቁን በሌላ ዝብርቅርቅ ይቀይራል። ከዚያ "ክላስተር" የሚለውን ተጫኑ፤ አንድ ላይ የሚሄዱትን በአልበም ይመድባቸዋል። ቀጥሎ ምድቡን መርጣችሁ "ሉክአፕ" በሉ። ከመረጃ ቋቱ የሚመጥነውን አልበም ያመጣል። በስተቀኝ ከእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ ትንሽ ባለቀለም ሳጥን ትመጣለች። አረንጓዴ ከሆነች በደንብ ገጥሟል፤ ወደ ቀይ ከሄደች ተጠራጠሩ። የዘፈኑን ርዝመት አስተያዩ። ፋይላችሁ 4 ደቂቃ፣ የመጣው 7 ደቂቃ ከሆነ ሌላ ቅጂ ነው። ሁሉም ዘፈን ከተሟላ የአልበሙ ምልክት ወርቃማ ይሆናል። ያን ጊዜ ሴቭ።

ታጉ ባዶ ለሆነ፣ "ትራክ 01" ብቻ ለሚል ፋይል ደግሞ "ስካን" አለ። ይህ ስም አያይም፤ ዘፈኑን ራሱን ነው የሚመረምረው። ከድምፁ አሻራ ያወጣና አኩስቲክአይዲ ከሚባል የአሻራ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ዓመታት "ያልታወቀ" ተብሎ የኖረ ዘፈን ስሙን ሲያገኝ ማየት በጣም ደስ ይላል።

ስካን ግን ወጥመድ አለው። አንድ ታዋቂ ዘፈን በዋናው አልበምም፣ በምርጥ ስብስቦችም፣ በፊልም ማጀቢያም ላይ ሊገኝ ይችላል። ስካን ሲደረግ የአንድ አልበም ዘፈኖች አምስት ስብስብ ላይ ይበተናሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ ክላስተርና ሉክአፕ ይቅደሙ፣ ስካን ለተረፉት ብቻ ይሁን። ሴቲንጉ ውስጥም የትኛውን የአልበም ዓይነት እንደምታስቀድሙ መምረጥ ይቻላል። ስብስቦችን ዝቅ፣ ዋና አልበሞችን ከፍ አድርጉ።

መዝገቡ ውስጥ የሌለ አልበም ብዙ ያጋጥማችኋል፤ በተለይ ከትላልቆቹ የሙዚቃ ገበያዎች ውጭ የወጣ ከሆነ። አልበሙ በእጃችሁ ካለ አካውንት ከፍታችሁ ራሳችሁ መዝግቡት። የድምፃዊው ስም፣ የግጥምና የዜማው ባለቤቶች፣ ዓመቱ በትክክል አንድ ቦታ ሰፈረ ማለት ከእናንተ በኋላ ያንን አልበም የሚፈልግ ሁሉ ያገኘዋል ማለት ነው። ትልቅ ውለታ ነው።

6. የቀረውን በእጅ

ለእጅ ሥራ ዊንዶውስ ላይ ኤምፒስሪታግ፣ በየትኛውም ሲስተም ላይ ኪድስሪ ጥሩ ናቸው። በእጅ ስል ግን አንድ በአንድ ማለቴ አይደለም። የአልበሙን ዘፈኖች በሙሉ ምረጡ፤ አልበም፣ ዓመት፣ የአልበሙ ድምፃዊ የሚሉትን አንድ ጊዜ ሞልታችሁ ሴቭ ስትሉ ሁሉም ላይ ይጻፋል።

የፋይሉ ስም ጥሩ ሆኖ ታጉ ባዶ ከሆነ ደግሞ ከስሙ ወደ ታግ ማስገልበጥ ይቻላል። ለምሳሌ ፋይሉ "03 - እገሌ - ናፍቆት" ከተባለ፣ ከመጀመሪያው ሰረዝ በፊት ያለው የትራክ ቁጥር፣ ቀጥሎ ያለው ድምፃዊ፣ የመጨረሻው ርዕስ መሆኑን አንዴ ታሳዩታላችሁ። መቶውንም በሰከንድ ውስጥ ይሞላዋል።

"ናፍቆት" የሚለው ርዕስ ላይ አንዳንዴ ዘፈኑ የወረደበት ድረ ገጽ አድራሻ ተለጥፎበት ይመጣል፤ ድምፃዊው ላይም፣ አልበሙ ላይም። ይህን የሚያጠፋው ፈልጎ መተኪያው ነው። አድራሻውን እንዳለ ጻፉና በባዶ ተኩት፤ ሁሉም ላይ ይጠፋል። ኮሜንት የሚለውን ቦታ ደግሞ ያለ ርኅራኄ በጅምላ ባዶ አድርጉት፤ የማስታወቂያ መጣያ ነው።

የሙዚቃ ዓይነት ላይ ብዙ አትጨነቁ። ምንም ዝምድና የሌለው ዘፈን ብሉዝ ተብሎ ካያችሁ ግን አትደነቁ። የመጀመሪያው አይዲስሪ 80 የሙዚቃ ዓይነቶችን በቁጥር ነበር የሚይዘው፤ ቁጥር 0 ብሉዝ ነበር። ሶፍትዌር ቦታውን ዝም ብሎ በዜሮ ሲሞላው ዘፈኑ ብሉዝ ሆኖ ይቀራል። የምትጠቀሙባቸውን ጥቂት ስሞች ወስኑ፣ ሌላውን ወደ እነሱ ሰብስቡ። ዓመትን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ዘፈኑ መጀመሪያ የወጣበት ዓመት ነው። ዳግም የታተመበት ዓመት ከተጻፈ የአንድ ድምፃዊ አልበሞች ቅደም ተከተላቸው ይፋለሳል።

7. አሁን ሁለተኛው ዓይነት ድርብርብ

ታጉ ስለተስተካከለ ያው ዘፈን ከያው አልበም ሁለቴ ካለ ጎን ለጎን ይታያል። የትኛው ይቅር? ፍላክ ካለ ፍላክ፤ ኤምፒስሪ ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ ይቆርጣል፣ ፍላክ አይቆርጥም። ሁለቱም ኤምፒስሪ ከሆኑ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚይዘው የድምፅ መረጃ መጠን) ከፍ ያለው፤ 320 የሚለው በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ገደማ፣ 128 የሚለው 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል።

ቁጥሩ ግን ሊዋሽ ይችላል። 128 የነበረውን ወደ 320 የቀየረ ሰው ፋይሉን አሳበጠው እንጂ ድምፁን አላሻሻለውም። አንዴ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም። ይህን ለማየት ስፔክ የሚባል ትንሽ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ፋይሉን ስትጥሉበት የድምፁን ምስል ያሳያል። ከላይ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ መስመር ካለ ምንጩ 128 የነበረ መሆኑ አይቀርም። እውነተኛ 320 ብዙውን ጊዜ 20 ድረስ ይዘልቃል። ኤምፒስሪን ወደ ፍላክ መቀየርም ያው ከንቱ ልፋት ነው።

አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን ብርቅ ዘፈን ግን ጥራቱ ደካማ ነው ብላችሁ እንዳታጠፉ። የሚንሿሿ ቅጂ ከምንም ይሻላል።

8. ስምና ፎልደር

ፒካርድ ውስጥ ሴቭ ሲደረግ ፋይሉን ስም እንዲቀይርና ወደ "የጸዳ" እንዲያዛውር የሚያደርጉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። አብሯቸው የስም ቅርጽ ይጻፋል። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ የአልበሙ ድምፃዊ / ዓመት - አልበም / የትራክ ቁጥር ርዕስ። የትራክ ቁጥሩ ሁለት አሃዝ ይሁን፤ 01፣ 02 እያለ። አለበለዚያ አንዳንድ የመኪና ማጫወቻ 1፣ 10፣ 11፣ ከዚያ 2 ብሎ ያጫውታል። አልበሙ ሁለት ዲስክ ካለው የዲስክ ቁጥሩ ይቅደም። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ? * : / የመሳሰሉትን አይቀበልም፤ ርዕሱ ጥያቄ ቢሆንም የፋይል ስሙ ላይ ምልክቷ ትቅር፣ ታጉ ላይ ግን ትኑር።

መጀመሪያ በአንድ አልበም ሞክሩት። ውጤቱ ካማራችሁ ቀሪውን ልቀቁት።

ሽፋኑን ፋይሉ ውስጥ አስገቡት፤ ከ500 እስከ 1000 ፒክስል ይበቃል። የ3 ሜጋባይት ምስል 15 ዘፈን ውስጥ ከገባ 45 ሜጋባይት በከንቱ ይሄዳል።

አንዱ ዘፈን ጮሆ ሌላው የሚያንሾካሹክ ከሆነ ሪፕሌይጌይን አለ። ፉባር2000 የሚባለው ማጫወቻም ሌሎች ማጫወቻዎችም ያሰላሉ። ድምፁን አይነካም፤ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይበል የሚለውን ታጉ ላይ ብቻ ይጽፋል። አልበም ሙሉውን የምታዳምጡ ከሆነ በአልበም አስሉት፤ አለዚያ ባለሙያው ሆን ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደረገው ዘፈን ከሌላው እኩል ይጮህባችኋል።

ፕሌይሊስቶች የመጨረሻ ናቸው፤ ፎልደሩ ከረጋ በኋላ እንደገና ሥሯቸው። ማጫወቻችሁ ምርጫ ከሰጣችሁ የዘፈኖቹን አድራሻ ከፕሌይሊስቱ ፎልደር ተነስቶ እንዲጽፍ አድርጉ። ያን ጊዜ ክምችቱ ሌላ ዲስክ ላይ ቢዛወርም አይሰበርም።

9. ከዚያ በኋላ

"ገቢ" የሚለው ፎልደር አይጥፋ። አዲስ ዘፈን ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይረፍ፣ ታጉ ይስተካከል፣ ከዚያ ይለፍ። ማጫወቻችሁ "የጸዳ"ን ብቻ እንዲያይ አድርጉ፤ ያልተስተካከለው ስለማይታያችሁ ቶሎ ለማስተካከል ይገፋፋችኋል።

የጸዳውን ክምችት አዲስ ባክአፕ አድርጉለት። የመጀመሪያውን፣ የተዘበራረቀውን ባክአፕ ግን ወዲያው አትደምስሱት። ተሳስቶ የጠፋ ወይም ሌላ ስም የተሰጠው ዘፈን የሚታወቀው በማዳመጥ ነው፤ ጥቂት ወራት ክምችቱን እየሰማችሁ የጎደለ ነገር ከሌለ ያን ጊዜ ዲስኩን ለሌላ ሥራ አውሉት።